ቤት ያልገዛው ትውልድ ስለቀለለ ነውን? ሰሞኑን ለተሰራጨ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ፣ የዛሬ ወጣቶች ቤት መግዛት ያቃታቸው ዘመኑ ስለከበደ ሳይሆን እነሱ ስለቀለሉ ነው ይላል። በጥሩ ብዕር የተጻፈና ከስድብ የጸዳ በመሆኑ ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው መላካቸው አያስገርምም። ምላሽ እንድሰጥ ያነሣሣኝ ድምዳሜው ብቻ ሳይሆን፣ ድምዳሜው የቆመባቸው ማስረጃዎች በከፊል እውነት መሆናቸው ነው። ከፊል እውነት ደግሞ ከለየለት ሐሰት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል።

አስቀድሜ የጸሐፊውን ሐሳብ፣ እሳቸው ራሳቸው ቢያነቡት «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ሊሉ በሚችሉበት መንገድ ላስቀምጥ። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ፈተና ነበረው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤት ብድር ወለድ 18 በመቶ ደርሶ ሳለ ሰዎች ቤት ገዝተዋል፤ ስለዚህ ዛሬ በ6 እና በ7 በመቶ ወለድ የሚያማርር ሰው ያለፈውን አያውቅም ይላሉ። ወጣቱ ገንዘቡን በጥቃቅን ደስታዎች ይበትናል፣ ቢቆጥብ ኖሮ ቅድመ ክፍያውን ይሞላ ነበር ይላሉ። ልብስ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና የአውሮፕላን ጉዞ ከድሮው ስለረከሱ የኑሮ ውድነት የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ወጣቱ ትልቅ ቤት በከተማ መሐል ካልሆነ አልፈልግም ባይል ችግሩ ይቃለላል፤ ያለፈው ትውልድ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ በላቡ ገዝቷል፤ ደግሞም ወጣቱ ዞሮ ዞሮ የወላጆቹን ቤት ይወርሳል። በመካከሉም፣ ቤት አለመግዛት በራሱ ውርደት እንዳልሆነ፣ በበለጸጉ አገሮች ጭምር ተከራይቶ በደስታ የሚኖር ብዙ ሕዝብ እንዳለ ያስታውሳሉ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው፣ መንግሥታት በቤት ገበያ ውስጥ እጃቸውን ከሚያስገቡ ይልቅ ወጣቱን ቁጠባ ቢያስተምሩ ይበጃል ብለው ይደመድማሉ።

በወለዱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ጠንካራ ክርክር እሱ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው የጠቀሱት አኃዝ ትክክል ነው። በአሜሪካ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በጥቅምት 1981 ከ18 ተኩል በመቶ አልፎ ነበር። እንዲያውም እሳቸው ያላነሡትን ልጨምርላቸው። በዚያ ዓመት የአንድ ነባር ቤት መካከለኛ ዋጋ 66,400 ዶላር ያህል፣ የአንድ ቤተሰብ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ደግሞ 19,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከዋጋው አንድ አምስተኛውን በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በዚያ ወለድ የተበደረ ቤተሰብ፣ ከወር ገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለአበዳሪው ይከፍል ነበር። በ2023 በ7 በመቶ ወለድ ተመሳሳይ ስሌት ቢሠራ፣ ወርሃዊ ክፍያው የገቢውን ሲሶ አይሞላም። ሒሳቡ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጸሐፊው ረትተውኝ ነበር።

ሒሳቡ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በመጀመሪያ ደረጃ «በዚያ ወለድ ሰዎች ቤት ገዝተዋል» የሚለው አባባል በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ አብዛኛው ሰው በዚያ ወለድ አልገዛም። በአሜሪካ የነባር ቤቶች ሽያጭ በ1978 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፤ በ1982 ወደ 2 ሚሊዮን ወረደ። ገበያው በግማሽ የተቀነሰው ሰዉ በዚያ ወለድ መበደር ስላልቻለ ወይም ስላልፈለገ ነው። የዚያ ትውልድ ቤት ገዢ በአብዛኛው ወይ ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ ከ7 እስከ 9 በመቶ ባለው ወለድ የገዛ፣ ወይ ወለዱ እስኪወርድ የጠበቀ ነው። የጥቂት ወራትን የወለድ ጣሪያ የአንድ ትውልድ ሁሉ ልምድ አድርጎ ማቅረብ፣ የትውልዱን ታሪክ በአንድ መጥፎ ዓመት መለካት ይሆናል።

ከዚያ የሚበልጠው ነገር ግን ሸክሙ ከገዢው ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው። በ1981 የገዛው ያ ቤተሰብ በ1986 ወለዱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር ተክቷል እንበል። በአምስቱ ዓመት ውስጥ የመካከለኛው ቤተሰብ ገቢ በስም ወደ 25,000 ዶላር ተጠግቶ ስለነበር፣ ከገቢው ግማሹን ይወስድበት የነበረው ክፍያ አሁን ሩቡን እንኳ አይሞላም። ግሽበቱም ለተበዳሪው ያደላ ነበር። በ1980 የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት 13 ተኩል በመቶ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በ7 ተኩል በመቶ የተበደረ ሰው ዕዳውን እየከፈለ ያለው በየዓመቱ ዋጋው በሚወድቅ ገንዘብ ስለነበር፣ በአንዳንዶቹ ዓመታት የከፈለው ወለድ ከግሽበቱ ያነሰ ነው። ይህን ስል የዚያን ዘመን ገዢዎች ጭንቀት ለማቃለል አይደለም፤ በነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው ከሥራ ተፈናቅሏል፣ ቤቱንም ያጣ አለ። ነገር ግን ችግሩን ለተቋቋመ ሰው መውጫ በር ነበረው።

ዛሬ የተለወጠው መግቢያው በር ነው። በ1981 በአሜሪካ የቤት ዋጋ የቤተሰብ ገቢ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ነበር፤ በ2023 ወደ አምስት እጥፍ ተጠግቷል። አንድ አምስተኛውን ለቅድመ ክፍያ ለማዋል በ1981 የስምንት ወር ተኩል ሙሉ ገቢ ይበቃ ነበር፤ በ2023 አሥራ አንድ ወር ተኩል ያስፈልጋል። አሜሪካ ደግሞ ከቀላሎቹ ምሳሌዎች አንዷ ናት። በእንግሊዝ መካከለኛው የቤት ዋጋ በ1997 የአንድ ሠራተኛ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ ሦስት ተኩል እጥፍ ነበር፤ በ2021 ዘጠኝ እጥፍ ደረሰ። ወለዱ ከፍ ብሎ ዋጋው ዝቅ ያለበት ዘመንና ወለዱ ዝቅ ብሎ ዋጋው ከፍ ያለበት ዘመን ወርሃዊ ክፍያቸው ሊቀራረብ ይችላል፤ ለገዢው ግን አንድ አይደሉም። ወለድ ሲወርድ ብድሩን ማደስ ይቻላል፤ አንዴ በውድ ዋጋ የተፈረመን የዕዳ መጠን ግን የሚያሳንስ ውል የለም። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በ2021 መጨረሻ ገደማ 0.1 በመቶ የነበረውን ወለድ በነሐሴ 2023 ወደ 5.25 በመቶ ሲያሳድገው፣ የቤት ዋጋ በዚያው ልክ አልወረደም። የዛሬ አዲስ ገዢ የገጠመው እንግዲህ ከፍ ያለ ወለድና ከፍ ያለ ዋጋ አንድ ላይ ነው።

ወደ ቁጠባው ልለፍ። ጸሐፊው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት አንሥተው ወጣቱን ይመክራሉ። እኔ በማንም ኪስ ገብቼ ማን ምን እንደሚያባክን አልቆጥርም፤ የሚያባክን ሽማግሌ እንዳለ ሁሉ የሚያባክን ወጣት መኖሩንም አልክድም። ጥያቄው ያላባከነውስ ይደርስበታል ወይ የሚለው ነው። በጥንቃቄ አስልተን እንየው። ዓመታዊ ገቢው 100 የሆነ ሰው እናስብ። የሚፈልገው ቤት የገቢው አምስት እጥፍ፣ ማለትም 500 ነው፤ ቅድመ ክፍያው አንድ አምስተኛ ስለሆነ 100 ይሆናል። ሰውየው ኪራዩን ከፍሎ፣ ትራንስፖርቱንና ልብሱን ችሎ፣ በየዓመቱ ከገቢው አንድ አሥረኛውን ይቆጥባል። ይህ የትጉህ ሰው ቁጠባ መሆኑን ጸሐፊውም የሚክዱ አይመስለኝም። ገቢውም ዋጋውም ባሉበት ቢቆሙ በአሥር ዓመት ይሞላለታል። ገቢው በዓመት 3 በመቶ፣ የቤት ዋጋ ግን 6 በመቶ የሚያድግ ቢሆንስ? በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ የቆጠበው 115 ገደማ ይደርሳል፤ የሚጠየቀው ቅድመ ክፍያ ግን 179 ሆኗል። በሃያኛው ዓመት 269 አለው፤ የሚጠየቀው 321 ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው በ24ኛው ዓመት ነው፤ ያኔም ከሚፈለገው 85 በመቶውን ብቻ ይዟል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ክፍተቱ እንደገና እየሰፋ ይሄዳል። እንቁላሉ እግር ማውጣቱ እውነት ነው፤ ቤቱ ግን ክንፍ አውጥቷል።

ስሌቱን ለራሴ እንዲመች አድርጌ እንዳላቀረብኩት ለማሳየት ሌሎቹንም ሁኔታዎች እሞክራለሁ። ያው ሰው ገንዘቡን 3 በመቶ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጥ በ17ኛው ዓመት ይደርስበታል። ወይም ጸሐፊው እንደሚመክሩት ጥቃቅን ደስታዎቹን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ትቶ ቁጠባውን ከ10 ወደ 13 በመቶ ቢያሳድግ፣ ያለ ወለድም ቢሆን በ15ኛው ዓመት ይሞላለታል። ስለዚህ ቁጠባ ከንቱ ነው አላልኩም፤ ለውጥ ያመጣል። ነገር ግን ሌላውን መንገድም ያስተውሉ፦ የቤት ዋጋ ከገቢው ጋር እኩል በ3 በመቶ ብቻ ቢያድግ ኖሮ፣ ሰውየው ከጥቃቅን ደስታዎቹ አንዱንም ሳይተው 12 ዓመት ጥቂት እንዳለፈ ቅድመ ክፍያውን ይጨርስ ነበር። ውጤቱን ይበልጥ የሚወስነው የቆጣቢው ጠባይ ሳይሆን በዋጋና በገቢ ዕድገት መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ክፍተቱን ደግሞ ማንም ግለሰብ በራሱ ቆራጥነት ማጥበብ አይችልም። የአንድ ሰው ስንፍና የአንድን ሰው ድህነት ሊያስረዳ ይችላል። በእንግሊዝ ከ25 እስከ 34 ዓመት ካሉ ሰዎች መካከል የቤት ባለቤቶቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከግማሽ በላይ የነበሩ ሲሆን ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ሲሶ መውረዳቸውን፣ በአውስትራሊያም በዚሁ የዕድሜ ክልል ከ1981 እስከ 2016 ከ61 በመቶ ወደ 45 በመቶ ገደማ መቀነሱን ለማስረዳት ግን፣ በሁለት የዓለም ዳርቻዎች ያሉ ሚሊዮኖች በአንድ ዘመን አብረው ሰነፉ ማለት ሊኖርብን ነው።

ዕቃዎች ረክሰዋል የሚለውን ነጥብ ሳልከራከር እቀበላለሁ። ቴሌቪዥን፣ ልብስና የርቀት ስልክ ከአርባ ዓመት በፊት ከነበሩበት በእጅጉ ረክሰዋል። ነገር ግን የረከሱት በአብዛኛው ሰው ቢያጣቸው የሚኖርባቸው ነገሮች ናቸው፤ የተወደዱት ደግሞ መተው የማይቻሉት፦ መጠለያ፣ ትምህርት፣ የሕፃናት እንክብካቤ፣ በአንዳንድ አገሮችም ሕክምና ናቸው። በእንግሊዝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እስከ 1998 ድረስ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም ነበር፤ በዚያ ዓመት በዓመት 1,000 ፓውንድ እንዲከፈል ተደነገገ፣ በ2006 ወደ 3,000፣ በ2012 ወደ 9,000 አደገ። አንድ ወጣት ስልኩን በርካሽ ስላገኘ ይህን ዕዳ አይከፍልም። ስልኩም ቢሆን ቅንጦት ከመሆን ካለፈ ቆይቷል፤ ሥራ የሚፈለገውም፣ ባንክ የሚሠራውም በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ጸሐፊው የኑሮ ውድነት ተጋንኗል ሲሉ የሚደገፉት በመንግሥት የዋጋ ግሽበት አኃዝ ነው፤ ይህ አኃዝ ግን የቤት መግዣ ዋጋን በቀጥታ አይቆጥርም። አሜሪካ ከ1983 ጀምሮ የቤት ዋጋን ከስሌቱ አውጥታ፣ በምትኩ ባለቤቱ ቤቱን ቢያከራየው ሊያገኝ ይችል የነበረውን ኪራይ ታስገባለች። የአውሮፓ ኅብረት የጋራ መለኪያ ደግሞ ባለቤቱ የሚኖርበትን ቤት ወጪ በአብዛኛው ከነጭራሹ ይተወዋል። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አላቸው፤ ቤት በከፊል ሀብት ማከማቻ እንጂ በየወሩ የሚጠፋ ፍጆታ አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ግልጽ ነው፦ የቤት ዋጋ እጥፍ ቢሆንም እንኳ ግሽበቱ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሊታወጅ ይችላል። ቤት ላለው ሰው አኃዙ እውነቱን ይነግረዋል፤ ቤት ለሌለው ሰው ትልቁን ወጪውን ይደብቅበታል። አባትና ልጅ ስለ ኑሮ ውድነት ሲከራከሩ ሁለቱም ያልዋሹ ሊሆኑ የሚችሉት ለዚህ ነው።

ትልቅ ቤት ይፈልጋሉ የተባለው ከፊሉ እውነት ነው። በአሜሪካ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት መካከለኛ ስፋት በ1973 ከ142 ካሬ ሜትር አይበልጥም ነበር፤ በ2015 ወደ 229 ደርሷል። ነገር ግን የመጀመሪያ ቤት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው አዲስ ቤት ሳይሆን ነባር ቤት ነው። እስቲ አንድ ቤት ይዘን እናስብ፦ አባት በ1975 የገዛው፣ ግድግዳው ያው፣ ክፍሎቹ ያው፣ ጣሪያው ግን ሃምሳ ዓመት ያረጀ። ዛሬ ይህ ቤት ለገበያ ቢቀርብ በገዢው ገቢ ሲለካ ዋጋው ከዚያን ጊዜው እጅግ የበለጠ ነው። ቤቱ አላደገም፣ አረጀ እንጂ። ታዲያ የተጨመረው ዋጋ ከልጁ ምኞት ሊመጣ አይችልም። የመጣው ከሥሩ ካለው መሬት ነው። ክኖል፣ ሹላሪክና ሽቴገር የተባሉ ሦስት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት የ14 አገሮችን የቤት ዋጋ ከ1870 ጀምሮ መርምረው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለታየው የዋጋ ጭማሪ አምስት እጅ ቢባል አራቱን እጅ ያህል የሚይዘው የመሬት ዋጋ መሆኑን አሳይተዋል። ሲሚንቶና የአናጢ ደመወዝ የሚይዙት ድርሻ ትንሽ ነው። መሬት ደግሞ በብዙ ከተሞች የተወደደው ስላለቀ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ይዞታ ላይ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይሠራ፣ ይዞታውም ከዚህ መጠን እንዳያንስ የሚከለክሉ ደንቦች ስላሉ ነው። ትንሽ ቤት ምረጥ የተባለው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ትንሽ ቤት አያገኝም፤ እንዳይሠራ በሕግ ተከልክሏልና።

ርካሽ ወደሆነ አካባቢ ይሂዱ የሚለውን ምክር በአጭሩ ልመልስ። ርካሽ ቤት በእርግጥ አለ። በጃፓን በ2023 በተደረገው የቤቶች ቆጠራ 9 ሚሊዮን ቤቶች ሰው የማይኖርባቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም ከአገሪቱ ቤቶች 13.8 በመቶ ነው። በጣሊያን ደግሞ የተራቆቱ የገጠር ከተሞች ባዶ ቤቶችን በአንድ ዩሮ ለሽያጭ አቅርበዋል። የረከሱት ግን ሰው ትቷቸው ስለሄደ ነው፤ ሰዉ የሄደው ደግሞ ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ ስለሄዱ ነው። ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት መሥራት ለሚችል ሰው ምክሩ ጥሩ ነው፣ ከ2020 ወዲህም ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ነርስ፣ መምህር ወይም የአውቶቡስ ሾፌር ግን ሥራው ካለበት ቦታ ርቆ ሊኖር አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ፣ ያለፈው ትውልድ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ገዛ የሚለው ነው። ላቡን አልክድም፤ ነገር ግን ላቡ የፈሰሰው መንግሥት ባዘጋጀው ሜዳ ላይ ነው። አሜሪካ በ1934 የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርን አቋቁማ ለቤት ብድር ዋስትና መስጠት ጀመረች፤ በ1944 በወጣው ሕግ ደግሞ ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ዋስትና፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምንም ቅድመ ክፍያ፣ ቤት እንዲገዙ ተደረገ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የገዙት በዚህ ነው። ጸሐፊው ወጣቱ እንዲቆጥብለት የሚመክሩት ቅድመ ክፍያ፣ ለነዚያ ገዢዎች በሕግ የተነሣላቸው ነው። በብሪታንያ በ1980 የወጣው የቤቶች ሕግ የማዘጋጃ ቤት ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት እስከ ግማሽ በሚደርስ ቅናሽ እንዲገዙ ፈቀደ፤ በእንግሊዝ ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች በዚህ መንገድ ተሸጠዋል። ማዘጋጃ ቤቶቹ ግን በሽያጩ ገንዘብ ምትክ ቤቶችን እንዳይሠሩ ገደብ ስለተጣለባቸው፣ ቅናሹ የደረሰው በአብዛኛው አንድ ትውልድ ጋ ነው። ቀጥሎ የመጣው ወጣት በእነዚያው ቤቶች፣ አሁን በግል አከራይ እጅ ገብተው፣ በገበያ ዋጋ ተከራይቶ ሲኖር ይታያል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ወገን ልቆምላቸው የሚገባ ነገር አለ። ያለፈው ዘመን ለሁሉም ምቹ አልነበረም። በአሜሪካ ያ የመንግሥት ዋስትና ጥቁር አሜሪካውያንን በአብዛኛው ያገለለ ነበር፤ የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለብድር አደገኛ ተብለው በካርታ ላይ ይከለሉ ነበር። ሴቶችም እስከ 1974 ድረስ፣ አድልዎን የሚከለክለው የብድር ሕግ እስኪወጣ፣ ብድር ሲጠይቁ ገቢያቸው በሙሉ የማይቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም ሰው በአንድ ደመወዝ ቤት ይገዛ ነበር» የሚሉ ወጣቶች ተሳስተዋል። ይህ ስሕተታቸው ግን የጸሐፊውን ክርክር አያጠናክርም። በዚያ ዘመንም ቢሆን ማን ቤት እንደገዛ የወሰነው፣ ማን ይበልጥ ቆጠበ የሚለው ሳይሆን፣ ብድሩና መሬቱ ለማን ተከፈተ የሚለው እንደነበር ያረጋግጣል እንጂ።

ይወርሳሉ የሚለው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። ሰው ረጅም ዕድሜ በሚኖርባቸው አገሮች ውርስ የሚደርሰው ልጁ ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ነው፤ ቤት የሚያስፈልገው ግን ልጆች በሚያሳድግበት ዕድሜ ነው። ቤቱ በወንድማማች ይከፈላል፤ ከዚያ በፊትም ለወላጆች የእርጅና እንክብካቤ ሊሸጥ ይችላል። ወላጆቹ ተከራይ የነበሩ ሰው ደግሞ ምን ይወርሳል? እኩል ደመወዝ፣ እኩል ጠባይ ያላቸው ሁለት የሥራ ባልደረቦች መካከል አንዱ በሠላሳ ዓመቱ ቤት ገብቶ ሌላው በአርባውም ተከራይ ሆኖ የሚቀረው፣ የአንደኛው ወላጆች ቅድመ ክፍያውን ስለሰጡት ነው። ጸሐፊው የውርስን ነገር እንደ ማጽናኛ አቀረቡት፤ እኔ ግን የራሳቸውን ክርክር የሚያፈርስ ሆኖ አገኘሁት። ቤት የሚገኘው በቁጠባና በጠባይ ነው ካሉ በኋላ፣ ቤት የሚገኘው ከወላጅ ነው ብለው ጨረሱ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ትውልድ ከትውልድ ተለያየ የምንለው ልዩነት ቀስ እያለ መሬት ካለው ቤተሰብና ከሌለው ቤተሰብ መካከል ወደሚገኝ ልዩነት እየተለወጠ ነው፤ «ወጣቱ» እና «አዛውንቱ» እያልን ስንከራከር ይህ ከዓይናችን ይሰወራል።

ቤት አለመግዛት ውርደት አይደለም በሚለው ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በሩማንያ ከአሥር ቤተሰቦች ዘጠኙ የሚኖሩት በራሳቸው ቤት ነው፤ ከኮሚዩኒስቱ ሥርዓት ውድቀት በኋላ የመንግሥት አፓርታማዎች ለነዋሪዎቹ በርካሽ ስለተሸጡ ነው። በስዊዘርላንድ ባለቤቶቹ ከአሥሩ አራት አይሞሉም። ሩማንያ ከስዊዘርላንድ ትበለጽጋለች የሚል ግን የለም። ይሁን እንጂ የጀርመን ተከራይ ያለ ጭንቀት የሚኖረው ጠባዩ ስለተለየ አይደለም። ውሉ በአብዛኛው የጊዜ ገደብ የለውም፤ አከራዩም በነባር ውል ላይ ኪራይ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ፣ ቤት እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች ከ15 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም። ውሉ በየዓመቱ የሚታደስበትና አከራዩ ሲፈልግ የሚያስወጣው ሰው «ተከራይቶ መኖር ይቻላል» ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ተከራይነትን የተከበረ ኑሮ ያደረገው ሕግ ከሆነ ደግሞ፣ መንግሥት እጁን ያንሣ የሚለው ድምዳሜ ከራሳቸው ምሳሌ ጋር ይጋጫል።

ይህ ወደ ድምዳሜያቸው ይወስደኛል። መንግሥታት የሚሠሩት ሥራ ሁሉ ይጠቅማል አልልም። ገዢዎችን በድጎማ ገንዘብ ብቻ መርዳት ቤት በማይጨመርበት ገበያ ውስጥ ዋጋውን ከማናር ሌላ ብዙም አይፈይድም፤ በዚህ ጸሐፊው ቢሥቁ አልቃወማቸውም። ቤት እንዲጨመር ያደረጉ ውሳኔዎች ግን ውጤታቸው ታይቷል። የኒውዚላንድ ከተማ ኦክላንድ በ2016 ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛው ገደማ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ግንባታ እንዲሠራ ደንቡን ለወጠች፤ በ2022 የተሰጠው የአዳዲስ ቤቶች የግንባታ ፈቃድ በ2016 ከተሰጠው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቪየና ከ1919 ጀምሮ የማዘጋጃ ቤት አፓርታማዎችን ስትሠራ ኖራ፣ ዛሬ 220,000 ያህል የራሷ ቤቶች አሏት፤ በእነዚህና በድጎማ በተሠሩ ሌሎች ቤቶች የሚኖረው ሕዝብ ከከተማዋ ነዋሪ ግማሹን ያህላል። አንደኛዋ ለግል ገንቢ መንገዱን ከፈተች፣ ሌላዋ ራሷ ገነባች፤ ሁለቱም ግን ነገሩን ለነዋሪዎቻቸው ጠባይ አልተዉትም።

ቁጠባ ይማሩ ለሚለው ደግሞ ከሁሉ የተሻለችው ምሳሌ ሲንጋፖር ናት። ሲንጋፖር ዜጎቿን ቁጠባ አስተምራ አልተወችም፤ ግዴታ አደረገችው። ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዝ ላይ ለማዕከላዊው የቁጠባ ፈንድ ያዋጣሉ፤ ከ1968 ጀምሮም ይህን ገንዘብ ለቤት መግዣ ማዋል ተፈቅዷል። ከነዋሪ ቤተሰቦቿ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የቤት ባለቤት ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ነገር ግን ቁጠባው ቤት ሊገዛ የቻለው፣ በ1960 የተቋቋመው የመንግሥት የቤቶች ልማት ቦርድ አፓርታማዎቹን በብዛት ስለሠራ፣ በ1966 የወጣው ሕግም መንግሥት መሬቱን በተወሰነ ካሳ እንዲወስድ ስለፈቀደለት ነው፤ ገዢውም የሚያገኘው ለ99 ዓመት የሚቆይ የሊዝ መብት እንጂ የመሬቱን ባለቤትነት አይደለም። ጸሐፊው የዚህን ዝግጅት የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ቁጠባውን፣ ለወጣቱ ይመክራሉ፤ ሁለተኛውን ግማሽ፣ መሬቱንና ግንባታውን፣ ማን ያቅርብ እንደሚሉ ግን ጽሑፋቸው ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።